ከአዱሊስ ስምንት ቀን

መምህር አስመላሽ ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ እስካሁን ግን ማንም ጮኾ አላለቀሰላቸውም። ድንኳን አልተተከለም፤ የእድር ወንበርም አልመጣም። ጎረቤት ከደጅ ቆሞ «እግዜር ያጽናሽ» ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመለሳል። ሰውየው ራሳቸውን አጠፉ ተብሏላ! ራሱን ላጠፋ ፍትሐት አይደረግም፤ ከደብሩ ግቢም አይቀበርም። ልጃቸው እጸገነት እንባዋን ውጣ «አባቴ ራሱን አያጠፋም» የሚል አቤቱታ ጻፈች። አቤቱታውም ከእጅ ወደ እጅ ሲንከባለል ቆይቶ የኢንስፔክተር ለተገብርኤል ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ለተገብርኤል ጡረታ ልትወጣ አራት ወር የቀራት፣ ጉልበቷ የክረምቱን መግባት ከሬዲዮ ቀድሞ የሚናገር ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬሳ አይታለች፤ ሬሳ አያደክማትም። የሚያደክማት ሕያዋን የሚዋሹት ነው።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት አለቃዋ። «ለልጅቷ ስትዪ ብቻ እዪላት። ነገ ጠዋት አስከሬኑ ይሰጣል።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ፖሊስም ሲቸኩል እንዲሁ ነው። ለተገብርኤል ግን ይህን ለመናገር እንኳ ደክሟት መዝገቡን ተቀበለች። ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እጸገነት ከሥራ ስትገባ አባቷን አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ወንበራቸው ላይ ሞተው አገኘቻቸው። አጠገባቸው የተጠጣ ሻይና ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ማሸጊያ ነበር። ሐኪሙ «ክኒኑ ከሻዩ ጋር ተጠጥቷል፤ ልባቸው ደካማ ስለነበረ አልቻለውም። የሞቱት ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው» ብሏል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ከአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ የአክሱም ሐውልት ሥዕል፣ ከሥሩም ጽሑፍ ነበር፦ «ደከመኝ። ከዚህ በኋላ አልሄድም። ይቅር በሉኝ። አስመላሽ።»

የቦታውን ፎቶዎች አሳትማ ያዘች። የመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ ከጥቁሩ በቀር ቀለሙ ካለቀ ዓመት ስላለፈው ሁሉም ጥቁርና ነጭ ሆነው ወጡ።

ታክሲው ከኡራኤል በላይ አልሄድም አለ። ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሷል፤ የቀረው ግማሽ ተራውን ይጠብቃል። ለሁለት ሳምንት የዘነበው ዝናብ የፍርስራሹን አፈር አቡክቶ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ለተገብርኤል እየረገመች ደረሰች።

እጸገነት በር ላይ ተቀበለቻት። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ከቤት ውስጥ የመምህሩ የነፍስ አባት ቄስ ረዳኢ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለች ለተገብርኤል።

«እኔማ ሠላሳ ዓመት ያናዘዝኩት ሰው ነው» አሉ ቄሱ። «ልቤ አይቀበለውም። ግን ልቤን ይዤ ፍትሐት ልቁም? ደብሩ ማስረጃ ይጠይቀኛል። አስረጂኝ ልጄ፤ እኔ ሌት ተቀን እቆምለታለሁ።»

እጸገነት የአባቷን ክፍል ከፈተች፣ ጫማዋንም በሩ ላይ አወለቀች።

«ምነው?» አለች ለተገብርኤል።

«የአባዬ ሕግ ነው። ድሮ ትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር ክፍል በጫማ አይገባም ነበር፤ ‹ኮምፒውተር አቧራ አይወድም› ይል ነበር። ፖሊሶቹ ግን ከነጭቃቸው ገቡበት።»

ለተገብርኤል ከፎቶዎቹ የመጀመሪያውን አወጣች። መጀመሪያ የደረሰው ኮንስታብል ከደጅ ቆሞ ያነሳው ነው። ወለሉ ላይ አንዲት የጭቃ ጠብታ የለችም። እሷም ጫማዋን አወለቀች። ስቶኪንጓ አውራ ጣቷ ላይ ተቀዷል፤ ቄሱ አይተው እንዳላየ ሆኑ።

ክፍሉ ውስጥ ስም ያልተጻፈባቸው አሥራ አንድ ዲስኬቶች፣ አንድ ወፍራም ስክሪንና አንድ የቢጫ ጥርስ የመሰለ ኮምፒውተር አለ። ያስጠራችው የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ መሬት ተቀምጦ ይጠብቃታል። ዮሚፍ ይባላል፤ ቡልጋሪያ ሰፈር የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው። ለአሮጌው ማሽን ነፍስ የዘራለት እሱ ነው።

«እስቲ ይህን ጨዋታ ንገረኝ» አለችው።

«ማዘር፣ ጌሙ ‹ከአዱሊስ ስምንት ቀን› ይባላል። ፋዘር በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ከተማሪዎቻቸው ጋር የሠሩት ነው፤ ታሪክ ለማስተማር። ነጋዴ ትሆኛለሽ በቃ። አዱሊስ ወደብ ዕቃ ትጭኛለሽ፣ ዳገቱን ትወጪያለሽ፣ ለግመሎቹ ውሃ ትፈልጊያለሽ፣ ቀረጥ ትከፍያለሽ። በስምንተኛው ቀን አክሱም ትገቢያለሽ። እዚያ ሐውልት ሥር የፈለግሽውን ትጽፊያለሽ፤ ሽልማቱ እሱ ነው።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«የቻለ ሰው በሦስት ሰዓት። ያልቻለ ግመሎቹን ጨርሶ ይሞታል።»

ዮሚፍ ማሽኑን ከፍቶ የተቀመጠውን ጽሑፍ ጠራው። ሐውልቱ ከነጽሑፉ ብቅ አለ፤ የቆየ ሽሮ ላይ እንደሚወጣው ሻጋታ አረንጓዴ ነው። ዮሚፍ ከንፈሩን መጠጠ።

«ሰኞ ማታ ስሞክረው ሰላም ነበር። ቀዩ ተቃጥሏል። ፋዘርን ስንቴ ነው የነገርኳቸው፣ ‹መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመጣ በኃይል ነው የሚመጣው› ብዬ! እሳቸውም ይነቅሉ ነበር እኮ።»

«ማክሰኞ መብራት ሄዶ ነበር?»

«ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት» አለች እጸገነት ከበሩ ላይ። «ሲመጣ የጎረቤታችንንም ፍሪጅ አቃጥሏል። ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር ነበር።»

«ጽሑፉ መቼ እንደተጻፈ ይታወቃል?»

ዮሚፍ ሳቀ። «የዚህችን ሰዓት አትመኝ ማዘር። የሰዓቷ ባትሪ ሞቷል። በተከፈተች ቁጥር ከ1980 ጃንዋሪ አንድ፣ ከዜሮ ትጀምራለች። ይኸው፤ ጽሑፉ የተቀመጠው ‹ዜሮ ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ› ይላል። ከንቱ ናት።»

ለተገብርኤል ቁጥሯን ደብተሯ ላይ ጻፈች። «አንተ ማክሰኞ የት ነበርክ?»

ሳቁ ጠፋ። «ሱቅ። ማለቴ... መብራት ስላልነበረ ዘግቼ ተኝቻለሁ። ማንም አላየኝም። እኔ ፋዘርን ምን ላደርግ? ዲስኬቶቹን እንኳ ሳልገለብጥ አልነካኋቸውም፤ አሮጌ ዲስኬት በእጅሽ ይሞትብሻል። ሱቄ ቅጂ አለኝ።»

«ቅጂውን ነገ ጠዋት ይዘህልኝ ና» አለችው።

ደምበል አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ ታዲዎስን አገኘችው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ ሸሽቷል፣ ዐይኑ ሥር እንቅልፍ ማጣት ተቀምጧል። የጨዋታውን ኮድ በተማሪነቱ የጻፈው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ድርጅቱ ለስልክ አድርጎ ሊያወጣው ነው፤ ምረቃው የሚመጣው ሳምንት እንዲሆን ታስቦ ነበር።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጨቃጭቀናል» አለ ሳይደብቅ። «ድርጅቴ ተጫዋቹ እየከፈለ በአቋራጭ አክሱም ይግባ አለ። እሳቸው ደግሞ ‹ወደ አክሱም አቋራጭ የለም› አሉ። ድሮም መፈክራቸው ይኸው ነበር። በመጨረሻ እኔ ተሸነፍኩ፤ አቋራጩ ቀረ።»

«የድሮው ጨዋታ ግን አቋራጭ አልነበረውም?»

ታዲዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ነበረው። ተደብቀን ያስገባነው። ሥዕል በተለወጠ ቁጥር እሱን ለማየት ሦስት ሰዓት መጫወት አይቻልማ! አራት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን ሐውልቱ ጋ ያደርሳል። መምህር ሳያውቁ ነው የሞቱት።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«እኔ፣ ሔለንና ነፍሱን ይማረው ኢያቄም። ኢያቄም ያኔውኑ በአንድ ሳምንት ሕመም ሞተ። እናቱ እትዬ ፀሃዬ እዚያው ካዛንቺስ፣ የመምህር ጎረቤት ናቸው።»

«ሥዕሉን የሳለው ማን ነው?»

«ሔለን ናት የሚባለው። ኢያቄምም ከእሷ ጋር ይቀመጥ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት? እኔ ራሴን ከኮዱ ላይ ቀና አላደረግሁም፤ ማን ምን እንደሳለ አላየሁም።» ትንሽ አሰበ። «እሁድ መምህር ደውለው ‹ዲስኬቶቹን ሳይ የረሳሁትን አንድ ስም አገኘሁ፤ በምረቃው ቀን እናገራለሁ› ብለውኝ ነበር። ማን ነው ስላቸው ‹መጀመሪያ ለሚመለከታት ልንገር› አሉኝ።»

ማክሰኞ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ አለ። ለተገብርኤል ስምንቱን ተሰብሳቢዎች አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ስምንቱም ያንኑ ተናገሩ። አንዷማ ስብሰባው እንዴት እንዳሰለቻት ጭምር በዝርዝር ነገረቻት።

ሔለን ከኡራኤል ዝቅ ብሎ የሥዕል ማሳያ አላት። በአክሱም ሥዕሎቿ የውጭ የትምህርት ዕድል ያገኘች፣ አሁን ሌሎችን የምታስተምር፣ ስሟ የተከበረ ሴት ናት። ግድግዳው ሁሉ ሐውልት፣ ግመል፣ ወደብ ነው። ጥቁር ለብሳለች።

«አባቴ ማለት ነበሩ» አለች። «ማክሰኞ እዚሁ ነበርኩ፤ ለዐውደ ርእዩ ስዘጋጅ፣ ብቻዬን። እጸጊ ረቡዕ ጠዋት ደውላ ነገረችኝ። ለለቅሶ ስሄድ ክፍሉ ተቆልፏል። በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ።»

«ጨዋታውን በቅርብ አይተሽው ነበር?»

«ከተማርኩበት ጊዜ ወዲህ? አላየሁትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ለተገብርኤል ከመዝገቡ ውስጥ የታተመውን የስክሪኑን ፎቶ አውጥታ ሰጠቻት። ሔለን ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ጽሑፉን አነበበች፣ ዐይኗ ሞላ።

«ምስኪን መምህር። ደከመኝ አሉ... እኛ ደግሞ ሁሌ ብርቱ ይመስሉናል። ሐውልቱም አሳዘነኝ። ስንት ቀን ተቸግሬ የጡብ መልክ ያለበስኩት እኮ ነው፤ እንዲህ ሻጋታ መስሎ ይቅር? ይኸው ነው፣ ያረጀ ሁሉ መጨረሻው አረንጓዴ ነው በቃ።»

ለተገብርኤል ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። የጎደለው ነገር አሁን ቦታውን ያዘላት። ደስ አላላትም፤ እንዲያውም ድካሟ ባሰ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት መምህር ቤት ነይ» ብላት ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ስድስት ጥንድ ጫማ በበሩ ላይ ተደረደረ። እጸገነት፣ ቄስ ረዳኢ፣ ታዲዎስ፣ ሔለንና ዮሚፍ በጠባቡ ክፍል ተፋፍገው ተቀመጡ። ኮንስታብሉ ከደጅ ቆሟል። ለተገብርኤል የመምህሩ ወንበር ላይ መቀመጥ አልፈለገችም፤ ጉልበቷ እያመማት ቆመች።

«አባ፣ ማስረጃ ብለውኝ ነበር» አለች። «መምህር አስመላሽ ይህን ጽሑፍ አልጻፉም። ሲጻፍ ሞተው ነበር።»

እጸገነት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ዮሚፍ የዚህን ማሽን ሰዓት አትመኝ አለኝ። ባትሪው የሞተ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። አንድ ነገር ግን በትክክል ያውቃል፤ ከተከፈተ ስንት ደቂቃ እንደሆነው። ጽሑፉ የተቀመጠው ማሽኑ በተከፈተ በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ነው። መብራት የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ፣ ይህ ማሽን ሊነሳ አይችልም። ስለዚህ ቢፈጥን አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ተጻፈ። ሐኪሙ ደግሞ ከስምንት ተኩል በፊት ሞተዋል ይላል።»

«ከአምስት ሰዓት በፊት ጽፈውት ቢሆንስ?» አለ ታዲዎስ።

«መብራት ሲሄድ ስክሪኑ ይጠፋል። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ሐውልቱን ራሱ ከፍቶ አይጠብቅም። እጸገነት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስትገባ ግን ሐውልቱ ስክሪኑ ላይ በርቶ ነበር። መብራት ከመጣ በኋላ እዚያ ያደረሰው ሰው አለ።»

ታዲዎስ ራሱን ነቀነቀ።

«ያ ሰው ማን ነው? አንደኛ፣ ደጁ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ወለሉ ንጹሕ ነበር፤ ክፉ ሊሠራ ገብቶ እንኳ ጫማውን ያወለቀ ሰው ነው። ይህን የሚያደርገው እጁና እግሩ የመምህርን ሕግ የለመደ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ እሱ ግን በሃያ ሦስት ደቂቃ ሐውልቱ ሥር ደርሷል። አቋራጩን ያውቃል። አቋራጩን የሚያውቁት ሦስት ናቸው። አንዱ ሞቷል። አንዱ ስምንት ሰው እያየው ስብሰባ ላይ ነበር።»

ሔለን ቀና ብላ አየቻት።

«ልጅ ሳለሁ የማውቀውን አቋራጭ ይዘው ነው የሚከሱኝ?»

«በእሱ ብቻ አልከስሽም። ይህ ስክሪን ሰኞ ማታ ደህና ነበር። ማክሰኞ መብራት ሲመጣ ቀዩ ተቃጠለ፤ መምህር መብራት ሲሄድ የነቀሉትን ሶኬት ሌላ ሰው መልሶ ሰክቶት ነበር ማለት ነው። የጡብ መልክ የነበረው ሐውልት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ ሆኖ ያየነው እጸገነት፣ ፖሊሶች፣ ዮሚፍና እኔ ነን። ማናችንም ለማንም አልተናገርንም። አንቺ ትናንት ‹ሻጋታ መስሎ ይቅር፣ መጨረሻው አረንጓዴ ነው› አልሽኝ።»

«ፎቶውን አሳይተውኛል!» አለች ሔለን። «ከፎቶው ላይ ነው ያየሁት!»

ለተገብርኤል ወረቀቱን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሁሉም አጎንብሰው አዩት። ጥቁርና ነጭ ነው።

ሔለን ረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ጥንካሬ ቀስ እያለ ወረደ።

«ዮሚፍ» አለች ለተገብርኤል፣ «የሠሪዎቹን ስም የያዙትን ሁለቱን ዝርዝሮች አንብብልን።»

ዮሚፍ ቅጂውን ከኪሱ አወጣ። «ይሄ እኔ ከሁለት ሳምንት በፊት የገለበጥኩት ነው። ‹ኮድ፦ ታዲዎስ። ሥዕል፦ ኢያቄም። ቀለም፦ ሔለን› ይላል። እዚህ ማሽን ውስጥ ያለው ዲስኬት ግን... ‹ሥዕልና ቀለም፦ ሔለን› ነው የሚለው። የተለወጠው በዜሮ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ነው።»

«ኢያቄም?» አለ ታዲዎስ። «ሁሉንም?»

ሔለን አላለቀሰችም፤ ድምጿም የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ሁሉንም። ሐውልቱን፣ ግመሎቹን፣ ወደቡን። እሱ በእርሳስ ይስል ነበር፣ እኔ እቀባ ነበር። ሲሞት ደብተሩ እኔ ዘንድ ቀረ። አንድ ቀን እናገራለሁ እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ። መምህር ስሙን አግኝተው ጠሩኝ። ‹ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ እናቱም ከዚህ ሳይርቁ፣ በሕዝብ ፊት የልጃቸውን ስም ይስሙ› አሉ። ለመንኳቸው። ‹አንቺው ተናገሪው፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ› አሉኝ። ሻይ አፈላሁላቸው። የእኔን ክኒን ጨመርኩበት... እንዲተኙ ብቻ ነበር። ሲተኙ ዲስኬቱን ልወስድ። የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም፤ ማሽኑን ሰክቼ መብራት እስኪመጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መብራት መጥቶ ስሙን ከለወጥኩ በኋላ ስነካቸው ቀዝቅዘዋል። ያኔ ነው የራሳቸው ቃል አስመስዬ የጻፍኩት።»

«ሁለት ሰዓት ያህል ከሬሳ ጋር ተቀመጥሽ?» አለች እጸገነት። ድምጿ ከሹክሹክታ አላለፈም።

«ጫማዬን አውልቄ» አለች ሔለን፣ ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ። ከዚያ ጥቁርና ነጩን ወረቀት በጣቷ ነካች። «እዚህ ውስጥ የኔ የሆነው ቀለሙ ብቻ ነበር። ሲበላሽ ዝም ማለት አቃተኝ።»

ኮንስታብሉ ሲወስዳት ማንም አልተሳደበም። ታዲዎስ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ወለሉ ላይ ቀረ። ለተገብርኤል እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እውነት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ጠርቶ ባየችው ቁጥር ዕድሜዋ የሚቀነስ ይመስላታል።

ቄስ ረዳኢ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። 

«ልጄ» አሏት እጸገነትን፣ «በስድስት ሰዓት ይዛችሁት ኑ። ፍትሐቱን እኔው እቆማለሁ። ከእናትሽ ጎን ያርፋል።»

እጸገነት ወዲያው የገባት አልመሰለም። ወደ ለተገብርኤል ዞረች። «እኔ እኮ... ጽሑፉን ካየሁ ጀምሮ፣ አጠገቤ ሆኖ እንዲህ ሲደክመው ምን ሳደርግ ነበር እያልኩ... አልደከመውም ነበር ማለት ነው?»

«ደክሟቸው ይሆናል» አለች ለተገብርኤል። «ማን ያልደከመው አለ? ግን ትተውሽ አልሄዱም። ቃሉ የእሳቸው አይደለም።»

እጸገነት በባዶ እግሯ ወደ ጭቃው ግቢ ወጣች። ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፣ ወገቧ ላይ አሠረችው፣ ደረቷን መታች፣ ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ የዋጠችውን ለቀቀችው።

«አባዬ! ኧረ አባዬ! ኧረ የሰው ያለህ፣ አባቴ ሞተብኝ!»

ከፈረሰውና ካልፈረሰው ቤት ሁሉ በር ተከፈተ። መጀመሪያ የደረሱት እትዬ ፀሃዬ ነበሩ፤ የልጃቸውን ነገር ገና ማንም አልነገራቸውም። እጸገነትን አቅፈው «ወይኔ መምህር!» እያሉ አብረዋት ጮኹ፣ ሌሎቹም እየሮጡ መጡ።